ሊላንድ ድራይሊንግ የጠራው ቅንብር

የከተማችን ጋዜጣ ስለ ሊላንድ ድራይሊንግ ዕረፍት ያወጣው ጽሑፍ ሦስት ስህተት አለበት። ሊላንድ የተወለደው በ1938 እንጂ በ1939 አይደለም፤ የጥምቀት መዝገቡን አይቻለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አገሩ አቆጣጠር ናቸው።) ያሠለጠነው በአምስት ኮሌጆች እንጂ በሰባት አይደለም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ መስመር ይታረማሉ። ሦስተኛው ግን «በምክትልነቱ ረክቶ፣ የበላይነትን ሳይመኝ የኖረ» የሚለው ነው። ሊላንድ ዋና አሰልጣኝ መሆን ይፈልግ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ እስከ ሃምሳ ዓመቱ ድረስ ሌላ ምኞት አልነበረውም። ለምን እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በስሞኪ ቤንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የጨዋታውን መዝገብ እይዝ ነበር። እኛ ካንሳሶች እግር ኳስ የምንለው በእጅ የሚያዘውን ነው፤ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው እየተጋፉ መሬት በያርድ የሚነጣጠቁበትን። ከ1974 እስከ 2003፣ ሠላሳ የውድድር ዘመን፣ ከሜዳው በላይ በተሠራች የሳንቃ ክፍል ውስጥ ከሊላንድ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እሱ የማጥቃት አሰልጣኝ ነበር። ኳሱ በእኛ እጅ ሲሆን ማን ወዴት እንደሚሮጥ፣ ለማን እንደሚወረወር የሚወስነው፣ ቅንብር የምንለውን የሚጠራው እሱ ነው። ከላይ ሆኖ ያያል፣ በሽቦ ስልክ ወደ ታች ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሱፍ ይቆረጥም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከወንበሩ ሥር የምጠርገው ገለባ አንድ ባልዲ ይሞላል። እሱ ከተወ በኋላ በመጣው ዓመት ወለሉ ንጹሕ ነበር፤ መጥረጊያውን ይዤ እንደገባሁ ይዤው ወጣሁ።

አባቱ ስንዴ ገበሬ ነበሩ። ሊላንድ በዚሁ ኮሌጅ ከ1956 ጀምሮ አራት ዓመት ሲጫወት ኳሱን በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሰው ነበር፤ አቀብሎ ወዲያው የሚረገጠው። «እኔ ጨዋታውን ሁልጊዜ ተገልብጬ ነው ያየሁት» ይል ነበር። «ለዚህ ነው የገባኝ።» ከዚያ በአንዲት የገጠር ከተማ ጂኦግራፊና መኪና መንዳት እያስተማረ አምስት ዓመት ትምህርት ቤት አሠለጠነ። ተማሪዎቹ መኪናውን ሲያዞሩ እሱ ከጎናቸው ተቀምጦ በመስኮቱ አቧራ ላይ በጣቱ ቅንብር ይስል ነበር ይባላል። ይህን በመዝገብ ማረጋገጥ አልችልም፤ ግን አምናለሁ።

ከ1965 በኋላ መንገድ ጀመረ። ኦክላሆማ ሁለት ዓመት፣ ነብራስካ አንድ ዓመት፣ ሚዙሪ ሦስት፣ ቴክሳስ ሦስት። በዚህ ሙያ ዋናው ሲባረር ምክትሎቹም አብረው ይወጣሉ፤ ጥፋታቸው አይጠየቅም። ሚስቱ ቨርና ሳህኖቿን በጋዜጣ ትጠቀልላለች፣ በሚቀጥለው ከተማ ትፈታለች፣ ጋዜጦቹን አስተካክላ አጥፋ ታስቀምጣለች። «ምን አስጣለኝ?» ትል ነበር። «መቼም ልፈልጋቸው ነው።» በየሄደበት «የሚመጣው ዓመት ያንተ ነው» ይሉታል። የሚመጣው ዓመት ሲመጣ ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል። ሊላንድ «ዋና ስሆን» የሚል ርዕስ ያለው ደብተር ነበረው፤ አንድ ጊዜ አሳይቶኛል። በመከር ሰሞን ልምምድ እንደማይኖር፣ ተጫዋቾቹ እሑድ እሑድ እናቶቻቸው ዘንድ መደወል እንዳለባቸው፣ በአውቶቡስ ሲጓዙ የፊት ወንበሩ ለሾፌሩ ሚስት እንደሚለቀቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስለ ማሸነፍ የተጻፈ ብዙ አልነበረም።

በ1974 ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዋናው አሰልጣኝ ዌንዴል ፕሩት ደግ፣ እንቅልፋም ሰው ነበሩ፤ ማጥቃቱን ሙሉ በሙሉ ለእሱ ተዉለት። ሊላንድ የመጀመሪያ ሥራው የቅንብሮቹን ስም መቀየር ሆነ። ሌላው ቦታ ቅንብር በቁጥር ይጠራል፤ እሱ በከተማው ነገር ሰየመው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዞረው ኳሱ በሌላው ዳር ሲወረወር ወፍጮ ነው። አንዱ ተደብቆ በጠርዝ ሲሾልክ የቄሱ ጓሮ ነው። ኳሱ በትልልቆቹ ልጆች ሆድ መካከል ተወሽቆ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ቢሮክ ነው፤ ሥጋና ጎመን በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረው፣ ሁላችንም ያደግንበት። «ቁጥር ይረሳል» ይለኝ ነበር፤ «ምሳ አይረሳም።»

በ1979 ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውተን ስምንቱን አሸነፍን። የመጨረሻው በኅዳር አጋማሽ ቅዳሜ ዕለት ነበር። ከሞንታና አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች መጥተው ከኮሌጃችን ፕሬዚዳንት ጎን ተቀመጡ። የመጡት ለእኛ አልነበረም፤ ዋና አሰልጣኝ ሊቀጥሩ፣ ሊላንድን ሊያዩ ነው። ሊላንድ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።

«ዊኒ፣ ዛሬ እርሳስሽን በደንብ ቅረጪው» አለኝ።

«ለምን? ታሸንፋለህ?»

«ታሪክ ትጽፊያለሽ።»

«እኔ ታሪክ አልጽፍም፤ ያርድ ነው የምጽፈው። ገለባውን እግሬ ላይ አትትፋ።»

ከታች ከተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር ጀርባ አክስት አልቪና ሳጥኗን በአንገቷ አንጠልጥላ ትታያለች። የቨርና አክስት ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለተጫዋቾቹ አውቶቡስ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቢሮክ ይሸጣሉ፤ ለሻጭ ደግሞ ወደ አግዳሚው መጠጋት ክልክል ነው። አልቪና ግን በብርድ ቀን ለልጆቹ እጅ ማሞቂያ እያለች ትኩስ ቢሮክ ታስጨብጣቸዋለች። ድምፅዋ በመከር ጊዜ ከሞተር ጩኸት በላይ አልፎ አጫጆችን ለምሳ የሚጠራ ድምፅ ነበር።

«ሴትየዋ እንደገና ክልሉን አልፋለች» አልኩት።

«አይቻለሁ። ደፋር ዳኛ ካለ ያስወጣት።»

ጨዋታው ሊያልቅ ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀር ሃያ አንድ ለአሥራ ሰባት እየተመራን ነበር። ኳሱን ካሻገርነው ለሚያሸንፈን መስመር አራት ያርድ ቀርቶናል፤ አንድ ሙከራ፣ ሰዓት የምታስቆም አንድ ዕረፍት። ሊላንድ ዕረፍቷን ወሰደ። ኳስ አከፋፋያችን ኬንት ቮልማር፣ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ፣ ወደ ዳር ሮጦ የራስ ቁሩን ከአንድ ጆሮው ከፍ አድርጎ ስልኩን ያዘ። ነፋሱ ክፍላችንን ያንቀጫቅጨው ነበር።

«ወፍጮ በግራ» አለ ሊላንድ። «ኬንት፣ መሀሉ ላይ ስምንት ሰው ቆልለዋል፤ ግራው ባዶ ነው። ወፍጮ በግራ። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ፣ ኮች!»

ወፍጮ፣ ግራ ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ተሰለፉ። ሊላንድ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ። «ዊኒ፣ ምን እያደረገ ነው ይሄ ልጅ?»

ኬንት ኳሱን በሆዶቹ መካከል ወሸቀው። ቢሮክ ነበር። ስምንቱ ሰዎች በትክክል እዚያ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ክምሩ ሲነሳ ኳሱ ለመስመሩ አንድ ያርድ ተኩል ቀርቶት ተኝቷል።

ደረጃውን ተከትዬው ወረድኩ። ኬንት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«እንዳሉኝ አደረግሁ፣ ኮች» አለ። «ቢሮክ አሉኝ፣ ቢሮክ ተጫወትኩ። ገፋነው እኮ! ትንሽ ነው የቀረን!»

ሊላንድ ሊናገር አፉን ከፈተ። ያኔ ከልጁ ትከሻ በላይ፣ ከስልኩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ አክስት አልቪና ዞር ብላ ወደ መቀመጫዎቹ ጮኸች፤ ሽንፈት ገበያ አያስቆምም።

«ቢሮክ! ትኩስ ቢሮክ! ቢሮክ!»

ሊላንድ አፉን ዘጋ። እሷን አየ፣ ልጁን አየ፣ እኔን አየ። ሁለታችንም በአንድ ቅጽበት ነው የገባን። ኬንት አልገባውም ነበር፤ በልጅነቱ ሙሉ የሰማው ጩኸት ነውና እንደ ነፋሱ ቆጥሮታል።

ሁለቱ እንግዶች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ረጅሙ በትሕትና ነው የጠየቀው።

«አሰልጣኝ ድራይሊንግ፣ ያቺን የመጨረሻዋን የጠራት ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ...»

«እኔ ነኝ» አለ ሊላንድ።

«መሀሉ ላይ ስምንት ሰው እያዩ?»

«እያየሁ።»

ሰውየው ትንሽ ቆየ፤ የሚጨመር ነገር ካለ ሊሰማ ይመስለኛል። አልተጨመረም። እጅ ተጨባበጡና ሄዱ። ሞንታና በሳምንቱ ሌላ ሰው ቀጠረ።

ያን ቀን ወደ ክፍላችን ተመልሰን ስንወጣ የመዝገቡን ወረቀት ከፊቴ ሳበው። እኔ ከራሴ ጨምሬ «ጠሪ» የምትል ዓምድ አበጅቼ ነበር፤ ቅንብሩን የጠራው ሰው የሚጻፍባት። የትም ኮሌጅ እንዲህ ያለ ዓምድ የለም።

«ወፍጮን ደምስሺው» አለኝ። «ቢሮክ በዪ። በጠሪው ላይ የእኔን ስም አድርጊ።»

«ውሸት ነው።»

«ቢሮክ አይደለም እንዴ የተጫወትነው?»

«የጠራኸው አንተ አይደለህም። የጠራችው አልቪና ናት!»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «እንግዲያው በጠሪው ላይ አልቪና ብለሽ ልትጽፊ ነው? ስሚኝ፣ ዊኒ። ያ ልጅ እዚህ ነው የሚኖረው፣ እዚህ ነው የሚቀበረው። ከተማው ይህን ካወቀ ስልሳ ዓመቱ ላይ እንኳ ከቢሮክ ሻጭ ትእዛዝ የተቀበለው ኬንት ነው የሚሉት። እሷንም ከሜዳው ያባርሯታል፤ ታውቂያታለሽ፣ ትሞታለች። ቅንብር ከያዘ የልጆቹ ነው፤ ከከሸፈ የአሰልጣኙ ነው። ሥራው ይሄው ነው።»

«ሞንታናስ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። እርሳሱን አነሳሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ሥራዬ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ የጻፍኩት መስመር ያ ብቻ ነው።

ከተማው ግን ማንንም አይምርም። ጸጉር ቤት ሲገባ «ኮች፣ ዛሬ ምሳው ምንድን ነው?» ይሉታል። በእህል ጎተራው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ እንዲያው በሰው ሠርግ ላይ። ከሁሉ የባሰው ቀልደኛ ኬንት ራሱ ነበር። ትራክተር ሻጭ ሆነ፣ አገባ፣ ወፈረ፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያቺን ወሬ ያወጣል።

«አራት ያርድ ቀርቶን፣ ስምንት ሰው መሀሉ ላይ ተከምሮ፣ ይህ ሰውዬ ቢሮክ አለኝ! እኔማ ምሳውን ያልበላ መሰለኝ!»

አዳራሹ ይስቃል። ሊላንድም ይስቃል። «ርቦኝ ነበር፣ ኬንት» ይላል። «አንተ ደግሞ እንኳን ቢሮክ ውኃ አላቀረብክልኝም።» ክፋት አልነበረበትም፤ ኬንት ይወደው ነበር። እኔ ግን ሲያወራ እየተነሳሁ እወጣ ነበር፤ ሰዎች ቀልድ አይገባትም ይሉኛል።

በ1988 ጥር ዌንዴል ፕሩት ጡረታ ወጡ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ለሊላንድ የሚጠቀለሉ ሳህኖች የሉም፣ የሚሄድበት አገር የለም፤ ወንበሩ ከክፍሉ ሃያ እርምጃ ነው። የሚወስነው ዘጠኝ አባላት ያሉት የኮሌጁ ቦርድ ነበር። አንደኛው የእህል ጎተራው ባለቤት ሃሮልድ ቮልማር፣ የኬንት አባት ናቸው። «አራት ያርድ ላይ ቢሮክ ለሚጠራ ሰው ቡድን አልሰጥም» እያሉ ከሳምንት በፊት ጀምረው እንደሚዞሩ ሰማሁ። የ1979ን ወረቀት አውጥቼ ወደ ሊላንድ ክፍል ሄድኩ።

«ላስተካክለው ነው» አልኩት። «ነገ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።»

«አታስቀምጪውም።»

«አንተ ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ነው! ከዚህ በኋላ ማንም አይጠይቅህም።»

«አውቃለሁ።»

«ትፈልገዋለህ ወይስ አትፈልገውም?»

«እፈልገዋለሁ» አለ። እንዲህ በግልጽ ሲለው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሳልተኛ አድሬ ነው የመጣሁት። ግን በምን? ልጁን በአባቱ ፊት አዋርጄ? ለዘጠኝ ዓመት በእኔ የሳቀው ሁሉ ዞሮ በእሱ ሲስቅበት ታዪዋለሽ? ሚስቱ፣ ልጆቹ እየሰሙ? አልቪና ደግሞ ታማለች፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ እያለች ካልጋዋ ነው የምትጮኸው። የሷን ድምፅ ነው የሚያወሩት፣ ዊኒ።»

«እነሱ እኮ ካንተ በላይ አይደሉም።»

«በላይ አይደሉም። የእኔ ናቸው።» ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ጠረጴዛው ላይ ካየሁት ከላይ ካንቺ ጎን ዳግመኛ አልቀመጥም። ከታች ሆኜ እጠራለሁ።»

እንደሚያደርገው አውቅ ነበር። በማግሥቱ ወረቀቱ በአቃፊዬ ውስጥ፣ ከቃለ ጉባኤው ሥር ነበር። ሚስተር ቮልማር ያሉትን አሉ። ሌሎቹ ፈገግ አሉ፤ አንዱ «ምሳ ደርሷል እንዴ?» አለ። እኔ ጻፍኩ። ድምፅ ተሰጠ፤ አምስት ለአራት፣ ከአዮዋ ለመጣ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት። የዚያ ገጽ የእጅ ጽሑፌ ከሌላው ገጽ አይለይም፤ ቆይቼ አይቼዋለሁ።

ሊላንድ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ስንት ለስንት?»

«አምስት ለአራት።»

«አራቱ እነማን ናቸው?»

ነገርኩት። ስማቸውን በጣቱ ቆጠረና «ደግ ሰዎች» አለ። ከዚያ ወጣቱ ሰውዬ መብራት ማብሪያው ከበሩ ጀርባ እንደሆነ አያውቅም ብሎ ሊያሳየው ሄደ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት የውድድር ዘመን አብረን ተቀመጥን፤ በእሱ በኩል ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልወጣም። እነዚያን ዓመታት ስቆጥር የሚመጣብኝ ድል ወይም ሽንፈት አይደለም። መስከረም ላይ የታጨደው ማሳ ሽታ በሳንቃው ስንጥቅ ሲገባ፣ ኳሱ ተነሥቶ ወደ ፀሐይ ሲሄድ፣ እሱ ስልኩን በትከሻው ደግፎ በዝግታ «የቄሱ ጓሮ በቀኝ፣ የኔ ልጅ፤ ዛሬ ቄሱ ቤት የሉም» ሲል ነው የምሰማው። ከታች የልጆቹ ሳቅ በሽቦው ይመጣል።

አልቪና በ1996 ሞተች። ሃሮልድ ቮልማር በ2001። ሊላንድ ባለፈው የካቲት፣ ሰባ ዓመት ከአራት ወሩ። ከቀብሩ ሁለት ቀን በፊት ኬንት መዝገብ ቤት መጣ፤ አሁን ራሱ የቦርድ አባል ነው።

«ሚስ ዊኒ፣ በአዳራሹ እንድናገር ጠይቀውኛል» አለኝ። «የቢሮኩን ልናገር ነው። ቀኑን በትክክል ይንገሩኝ፤ በኋላ እንዳይቆጡኝ።»

ቀኑን ነገርኩት። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቼ፣ የተደመሰሰው ቃል ዱካ በብርሃን እንዲታይ አዘንብዬ አሳየሁት፤ የቀረውንም ነገርኩት። ሊላንድ ስለ እሱ የፈራውን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ኬንት ወንበር ፈለገ። ለረጅም ጊዜ «ወፍጮ» የሚለውን ዱካ በጣቱ እየነካ ተቀመጠ።

«አባቴ በዚህ ነው ድምፅ የነሳው» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በእኔ ወሬ።»

ይህን አላረጋገጥኩለትም፤ አላስተባበልኩትምም።

በቀብሩ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኬንት ሲነሳ ሰዎች ቀልዱን እየጠበቁ ገና ሳይናገር መሳቅ ጀመሩ። ወረቀት አልያዘም።

«ያን ቀን ኮች የጠራው ወፍጮ ነበር» አለ። «ቢሮክ የሰማሁት እኔ ነኝ። የሰማሁትም ከእሱ አይደለም። ከኋላዬ ነው።»

ከዚያ ከኋላ ረድፍ አንዲት አሮጊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ወይኔ! አልቪና!» አለች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ዓይኑን እየጠረገ ይስቃል። ኬንትም እያለቀሰ ይስቃል። ሊላንድ እንደፈራው አልሆነም፤ ወይም ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ስለሆነ ነው፤ ይህን የማውቅበት መዝገብ የለኝም።

ቨርና ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንድ ጊዜ ቆመ። በሰዎቹ መሀል አልፋ ወደ እኔ መጣች።

«አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን።»

«እኔ አላውቅም ነበር» አለች። «በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ፣ አንዲት ሞኝ ቅንብር ሞንታናን አስቀረችን እያልኩ በሆዴ ስቆጣው ኖርኩ። በኋላ ይቅር አልኩት። ትሰሚያለሽ? ያላጠፋውን ሰው ይቅር አልኩት፤ እሱም ዝም ብሎ ተቀበለኝ!»

አደራ ያለኝ እሱ ነው ልላት ፈለግሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰበብ መሰለኝና ተውኩት። ቨርና ከጎኔ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ መሀረቧን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ንገሪኝ» አለች። «ከመጀመሪያው። ምንም ሳታስቀሪ። ነፋሱ በየት በኩል ነበር?»

«ከሰሜን ምዕራብ» አልኳትና ጀመርኩ።